ሦስት ሜትር ከሰማንያ

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በእኔ ላይ የደረሰ ነው። እንድታምኑኝ አልለምናችሁም... እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

አስፈሪ ነገር ሁሌም በጨለማ የሚሆን ይመስለን ይሆናል። የእኔ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ የከብት ድርቆሽ ሣር በሚሰበሰብበት ሳምንት...

ቦታው የመንደራችን የሌስካ መግቢያ ላይ ያለችው የባቡር ድልድይ ናት። ሁለት የድንጋይ ግንብ፣ በላያቸው የተጋደመ ብረት፣ ከብረቱ በላይ ጠባቡ ሐዲድ። በሥሯ የእኛ መንገድ ያልፋል። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን በሐዲዱ መሃል የበቀለው ዛፍ ከእኔ ይረዝማል።

ስሜ ስታሜን ይባላል። መንገድ ጠጋኝ ነኝ። አባቴም መንገድ ጠጋኝ ነበር። ከመንደሩ እስከ ወንዙ ባለው መንገድ ላይ ጉድጓድ የምደፍነው፣ ቦይ የምጠርገው፣ ምልክት የምቀባው እኔ ነኝ።

ድልድይዋ ላይ የተሰቀለውን የከፍታ ቁጥርም የምቀባው እኔ ነኝ።

መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚያ ቁጥር ነው...

ባለፈው ዓመት፣ ሰኞ ቀን፣ ዝላትካ ቤቴ መጣች። ዝላትካ የመንደራችንን ቤተ መጻሕፍት የምትይዝ፣ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ፈጣን ናት፤ ገና ሳትቀመጥ ነው የምትጀምረው።

"ጋሼ ስታሜን፣ የድልድዩን ታሪክ ይጻፉልኝ።"

"እኔ? እኔ የምጽፈው ቁጥር ብቻ ነው እኮ።"

"አይቀልዱ። ከእርስዎ በላይ የሚያውቃት የለም። ቅዳሜ የድርቆሽ ቀንን እንደ ድሮው እናከብራለን። ታሪኩን ሰሌዳ ላይ አሳትሜ ከግንቡ ጎን አቆመዋለሁ።"

"እንደ ድሮው ማለት... ከጭነቱ ላይ ሰው ይቀመጣል?"

"ይቀመጣል።"

"ማን?"

"እኔ ነኛ።"

የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

"ቅዳሜ እኮ የእናትሽ..."

"የሙት ዓመቷ ነው። አውቄ ነው የመረጥኩት" አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እሷንም ይጻፉ። ቁጥሩ ፊቱ ተሰቅሎ እያለ፣ ያ ሰውዬ ሳያየው ነድቶ እንደገደላት ይጻፉ። ሰው ይወቀው" አለች።

ያ ሰውዬ የምትለው አባቷን ነው።

እኔም... "እሺ ልጄ" አልኳት።

አዎ። እሺ አልኳት።

አሁን ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ልንገራችሁ።

በእኛ መንደር የዓመቱ የመጨረሻ ድርቆሽ ሲገባ አንዲት ሴት ከጭነቱ አናት ላይ ትቀመጣለች። ፊቷን ወደ ኋላ፣ ወደ ሜዳው አዙራ ነው። ላበላህ ሜዳ ጀርባ አይሰጥም ይባላል። ከድልድዩ ሥር ስትገባ ሳትዞር እጇን ታነሳና የብረቱን ሆድ በመዳፏ ጧ! ታደርገዋለች። ድርቆሹ እንዳይሻግት ነው። ጧ ሲል መንደሩ ያጨበጭባል።

በዚያ ሁሉ ዓመት መዳፍ ብረቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ማንኪያ ያበራ ነበር።

ጭነቱ ከፍ ካለ ደግሞ መላው ቀላል ነው። ሴትዮዋ ጋደም ብላ ታልፋለች። ትንሽ ይሳቅባታል፣ በቃ።

በዚያ ሐምሌ ከድልድዩ ሥር ውሃ እየተኛ አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ ጠጠር ሞላንበት፤ በላዩ ላይ ድርብ አስፋልት አነጠፍን። መንገዱ ከፍ አለ። አለቃችን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ስታሜን፣ ለክተህ ቁጥሩን ቀይረው!" አለኝ።

መለኪያው ዘንግ ግን ቤት ነበር። ባለቤቴ የልብስ ማስጫ ገመዷን ደግፋበታለች።

ቤቴ ዳገቱን ሁለት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የከፈትኩት ቀለም እየደረቀ ነው...

የድሮውን ቁጥር በላዩ ላይ ደግሜ ቀባሁት። 3.80። ነጭ፣ አዲስ፣ የሚያምር ቁጥር።

ነገ እለካዋለሁ ብዬ ነበር። ለራሴ።

ከዚያም ከድልድዩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ፣ ከሜዳው በኩል፣ የቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ምሳዬን ፈታሁ። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ ነጭ አይብ። ስምንት ሰዓት ነበር።

ትራክተሩ መጣ። የሚነዳው ራንጌል ነው፤ የዝላትካ አባት። ከጭነቱ ላይ ሚስቱ ኔደልያ ተቀምጣለች። ዝላትካ ያኔ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ትራክተሩ አልፎኝ ሲሄድ ኔደልያ ፊት ለፊቴ ሆነች። አየችኝ። አዲሱን አስፋልትም አይታለች። በሞተሩ ጩኸት ላይ እየሳቀች ተጣራች።

"ስታሜን! ለክተኸዋል? ወይስ ጋደም ልበል?"

አፌ ዳቦ ሞልቶበታል።

በእኛ አገር አዎ ለማለት ራስን ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው። አይደለም ለማለት ደግሞ አገጭን ወደ ላይ ቀና ማድረግ።

ራሴን ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የራስ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ኔደልያ ቀና ብላ ተቀመጠች። እጇን አነሳች...

ጧ!

አጨበጨብኩ። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ለማየት የወጣው የመንደሩ ሰውም አጨበጨበ። እኔማ ቲማቲሜን ጨረስኩ።

ትራክተሩ አራት መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ግቢው ደረሰ። ራንጌል ሞተሩን አጠፋና እየሳቀ፣ "በይ ውረጂ እመቤት!" አላት።

አልወረደችም። ጧ ያለው መዳፏ አልነበረም።

...

በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘንጉን ይዤ ወረድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለካሁ።

ሦስት ሜትር ከሃምሳ አምስት።

ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር። ከአገጭ እስከ አናት ማለት ነው...

3.80ን ፍቄ 3.55 ብዬ ቀባሁ። ቀለሙ አዲስ መሆኑ እንዳይታወቅ ከመንገዱ ዳር አቧራ ዘግኜ በእጄ አሸሁበት። መርማሪዎች ከከተማ በሦስት ሰዓት መጡ። ለኩ። ቁጥሩን አዩ። "ምልክቱ ትክክል ነው፤ የጫነው ከፍ አድርጎ ነው" ብለው ጻፉ።

እኔንም ጠየቁኝ። "አዎ፣ ጭነቱ ከፍ ያለ ነበር" አልኩ።

ራንጌል አልተከራከረም። ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ በዚያ ቀን አንድ ደርብ ድርቆሽ ጨምሮ ነበር። "የጫንኩት እኔ ነኝ" እያለ ብቻ አለቀሰ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። ሲወጣ ልጁን አያቷ ወስዳታለች፤ ስሙን እንዳትጠራ አድርጋ አሳድጋታለች። እሱ ከመንደሩ ጫፍ ንብ እያረባ ለብቻው ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ትራክተር ላይ ወጥቶ አያውቅም።

እኔስ? እኔ ሰላም እለዋለሁ። በየዓመቱ አንድ ጆንያ ድንች እሰጠዋለሁ። ደግ ሰው ይሉኛል...

እንግዲህ ዝላትካ በመጣች ማግስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ለሰሌዳው ብዬ፣ በስምንት ሰዓት ወደ ድልድይዋ ወረድኩ።

ዘንጌ ከውስጡ ሌላ ዘንግ የሚወጣው ነው። ብረቱን እስኪነካ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ታጠብቀዋለህ፣ ቁጥሩን ታነባለህ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው።

3.51 አለኝ።

ሳቅሁ። አርጅቻለሁ አልኩ። ደገምኩት። 3.51።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ አልተነጠፈም። ድልድይ ደግሞ አይወርድም...

ቀና ብዬ ብረቱን አየሁት። ሁለመናው ዝጎ ቀልቷል። ከኔደልያ በኋላ የነካው ሰው የለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ያበራል። እንደ ማንኪያ።

ዛሬ ጠዋት የተወለወለ ይመስላል...

ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። ድንጋዩን በበሬ ከወንዙ እንዴት እንዳመጡት ጻፍኩ። መጀመሪያ ሲሠራ ሙሽራ የጫነ ጋሪ ከነባንዲራው ቀጥ ብሎ ያልፍ እንደነበር ጻፍኩ። መንገዱ በጠጠር፣ ቀጥሎ በድንጋይ፣ ቀጥሎ በአስፋልት ከፍ ባለ ቁጥር ሰው ይበልጥ እያጎነበሰ እንደመጣ ጻፍኩ። ቀሳውስቱ መስቀሉን ዝቅ ማድረግ የጀመሩት መቼ እንደሆነ ሁሉ ጻፍኩ። ደስ እያለኝ ነበር።

ከዚያ እዚህ ላይ ደረስኩ፦ "ነጂው የተሰቀለውን ቁጥር ባለማየቱ..."

ጧ!

ከውጭ ነው። ከግቢዬ።

ባለቤቴ አጠገቤ ባቄላ ትፈለፍላለች።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ጧ ያለውን።"

"ጧ ያለው የአንተ ጭንቅላት ነው" ብላ ሳቀች።

በሩን የመታ ነገር አልነበረም። ደጁ ላይ ግን ሦስት አራት ሰበዝ ድርቆሽ ወድቋል። እኛ ከብት ከሸጥን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል...

ረቡዕ በዚያው ሰዓት ሄድኩ። 3.38።

የዳቦ መኪናው መጣና አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ከከተማ የሚመላለስ ቀልደኛ ልጅ ነው። መኪናው ዝቅ ያለች ናት፤ ከላይዋ ሌላ መኪና ቢጫን ያልፋል።

"ጋሼ፣ ይቺ ድልድያችሁ ዝቅ አለች እንዴ?"

"ለምን ጠየቅከኝ?"

"እንጃ... ከሰኞ ጀምሮ ከሥሯ ሳልፍ አጎነብሳለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። አንገቴ በራሱ ጊዜ ነው የሚታጠፈው።"

ሊስቅ ሞከረ። አልሳቀም። ማርሹን አስገብቶ ሄደ። ከድልድዩ ሥር ሲደርስ በኋላ መስኮቱ አየሁት።

አጎነበሰ።

ሐሙስ ዕለት ዝላትካን ይዣት ሄድኩ። "ዓይኔ ደክሟል፣ አንብቢልኝ" አልኳት። ዘንጉን አቆምኩት። እኔ የማየው 3.20 ነበር። ብረቱ ገና ከአናቴ ይርቃል፤ ግን ፊቴ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"3.55" አለች ዝላትካ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጋሼ፣ ይኸው! ሦስት፣ አምስት፣ አምስት። ዓይንዎን ይታከሙ።"

ነፋስ አልነበረም። አንዲት ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ከብረቱ ሥር ግን አንድ ሰበዝ ድርቆሽ እየተሽከረከረ ወርዶ ፀጉሯ ላይ አረፈ።

አላስተዋለችውም።

"ዝላትካ... ቅዳሜ ጋደም ብለሽ እለፊ።"

"ለምን?"

"እንዲሁ። ለእኔ ስትይ።"

"እናቴ ተቀምጣ ነው የገባችው፣ እኔም ተቀምጬ ነው የማልፈው። ጭነቱን እኔ ተቀምጬበት በ3.55 እንዲያልፍ አድርገን አሠርተነዋል። እኔ እንደዚያ ሰውዬ አይደለሁም፤ ቁጥር አነባለሁ።"

አሁን ንገራት... አሁን... እያልኩ ቆምኩ።

"ታሪኩስ አለቀ?" አለችኝ።

"ሊያልቅ ነው" አልኳት።

በእሷ ዓይን ከታየ ቅዳሜ ምንም አይሆንም። በእኔ ዓይን ከታየ ግን... በየቀኑ እየወረደ ነው። የማን ዓይን ልክ እንደሆነ ቅዳሜ በእሷ አንገት ሊፈተን ነው። ልጅቷን ለማዳን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው ማለት ያለብኝ። አንዱንም ቀን አላልኩትም። ለምን? ስለ ፈራሁ። እስር ቤት አልነበረም የፈራሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ያስረኛል? ደግ ሰው መባሉ እንዳይቀርብኝ ነው። ልክስክስ ልብ ነው ያለኝ።

ዓርብ። ስምንት ሰዓት።

2.90።

ከዘንጉ ላይ ቀና ስል ራንጌልን አየሁት። ከግንቡ ሥር ተንበርክኮ የሙት ዓመት መታሰቢያ ወረቀቷን ይለጥፋል። የኔደልያ ፎቶ አለበት፤ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፣ እየሳቀች። ከሰው ዓይን ለመሸሽ ሁልጊዜ ቀኑ ሳይደርስ፣ በዋዜማው ነው የሚለጥፈው።

"ነገ የልጅቷ ቀን ነው" አለኝ ሳይዞር። "እኔ አልመጣም። እንዳልረብሻት።"

ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን የተቀመጥኩበት ቦታ ነው፤ አስቤው አይደለም።

"ራንጌል..."

"አቤት።"

"እሷ... ጠይቃኝ ነበር።"

እጁ ከወረቀቱ ላይ ቆመ።

"ማን?"

"ኔደልያ። ከመግባቷ በፊት። ከላይ ሆና ተጣራች።"

ቀስ ብሎ ዞረ።

"ምን አለች?"

"ራንጌል፣ እኔ ቁጥሩን..."

"ስለ ቁጥሩ አልጠየቅኩህም። ምን አለች? ቃሏን ንገረኝ። እንዳለችው።"

"'ስታሜን! ለክተኸዋል? ወይስ ጋደም ልበል?'"

"እየሳቀች?"

"እየሳቀች።"

"ድገመው።"

ደገምኩት።

"አንዴ ደግሞ።"

ደገምኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው። ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል።

"የሆነ ነገር ስትጮህ ሰምቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ሞተሩ ይጮኻል፣ ቃሉ አልተለየኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ... 'ራንጌል ቁም' ያለች መስሎኝ ነበር።"

ሌላውንም ነገርኩት። ራሴን ማወዛወዜን፣ ያልለካሁትን ቁጥር፣ ንጋት ላይ የዘገንኩትን አቧራ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ለጥፎ ጨረሰ። ጠርዙን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ተጫነው። ከዚያ ተነሣ።

"አልለካሁም ብትላት ኖሮ... ጋደም ትል ነበር" አለ።

"ትል ነበር።"

"ለልጅቷ አንተው ንገራት። እኔ ይህንንም አልሸከምልህም።"

ሄደ።

ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ወጣ። አኮርዲዮን አለ፣ ሕፃናት አሉ። ድርቆሽ የጫነው ተጎታች ከትራክተሩ ኋላ ተቀጥሎ ከሜዳው በኩል ቆሟል። ዝላትካ በጥልፍ ሸሚዝ ከአናቱ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አድርጋ። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኖ ከግንቡ ጎን ቆሟል። ሐሙስ ማታ የሰጠኋት ጽሑፍ ነው ያለበት። ከነውሸቱ።

ዘንጉን አልያዝኩም። አያስፈልገኝም ነበር። ከቆምኩበት ብረቱን አየዋለሁ... ጭነቱ እንኳ የሚያልፍ አይመስልም።

የትራክተሩ ሹፌር ሞተሩን አስነሳ።

ከትራክተሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ዞር ይበሉ እንጂ!" አለ አንዱ። "ፎቶ መነሳት አምሯቸው ነው!" አለ ሌላው። ሳቁ።

"አጥፋው" አልኩት ሹፌሩን። "አጥፋው አልኩህ!"

አጠፋው።

ተናገርኩ። ሁሉንም። ሕዝብ ፊት መናገር አልችልበትም፤ ቃላቱ ተደነቃቀፉብኝ፣ ግን አንዱንም አላስቀረሁም። ስጨርስ ከአኮርዲዮኑ ውስጥ ትንሽ አየር ሲወጣ ይሰማል።

ዝላትካ ከጭነቱ ወረደች። መጥታ ፊቴ ቆመች።

"አቧራ አሸህበት?"

እስከዚያች ቀን ድረስ አንቱ ነበርኩ።

"አዎ።"

"በእጅህ?"

"በእጄ።"

እጄን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ፊቴን አላየችም። ከዚያ ዞረች።

ራንጌል መጥቶ ነበር። አልመጣም ያለው ሰውዬ ከግንቡ ሥር፣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። ወደ እሱ ሄደች።

"የመጨረሻ ጭነት ደጅ አያድርም" አለችው። "አባባ... አንተ ንዳው።"

አባባ ስትለው ከአራት ዓመት ዕድሜዋ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ራንጌል ኮፍያውን አጠለቀ። ትራክተሩ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ወጣ።

ከላይ ማንም አልተቀመጠም። ዝላትካ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። እኔ ከቦዩ ጠርዝ ነበርኩ።

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ሰዓት።

ትራክተሩ አለፈኝ። ተጎታቹ አለፈኝ። የጭነቱ ኋላ ፊት ለፊቴ ሆነ። ባዶ ድርቆሽ ነው። ባዶ...

ከዚያ ሰማሁት።

በሞተሩ ጩኸት ላይ። እየሳቀች።

"ስታሜን! ለክተኸዋል? ወይስ ጋደም ልበል?"

አንገቴ ደነዘዘ። ራሴ በልማዱ ወደ ግራ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ። በሙሉ ኃይሌ ያዝኩት።

አገጬን ወደ ላይ ቀና አደረግሁ።

አይደለም። አልለካሁም።

"ማንን ነው አይደለም ያልከው?" አለች ዝላትካ በሹክሹክታ።

ጭነቱ ብረቱ ሥር እየገባ ነው። ጧ የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ...

አልመጣም።

ይልቅ ዝላትካ ክንዴን ያዘችኝ። በጣም አጥብቃ። እሷም ታየዋለች ማለት ነው።

ከጭነቱ አናት ላይ ያለው ድርቆሽ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ በአንድ ሰው ቁመት ልክ ተጨመቀ። እንደዚያው ሆኖ ከብረቱ ሥር አለፈ።

ወዲያ ማዶ ፀሐዩ ላይ ሲወጣ... ድርቆሹ፣ ሰው ከተጋደመበት እንደሚነሣ፣ ከወገቡ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀና አለ።